ስሙ ሰባት ነው

የዝናሽ የምትባለው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፓዌ ገበያ ላይ ከእኔ ሱቅ በረንዳ ትሰፋለች። ከወሎ የመጣችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣ በመንግሥት ሰፈራ ነው። ያኔ ጫካው እየተመነጠረ ለየመንደሩ ቁጥር ታደለ። ለእነሱ ሰባት ደረሳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ሰባት ነን፤ እኔም እዚያው ተወልጃለሁ።

ዘንድሮ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ ፔዳል መርገጥ ተዪ አላት፤ ትታ ምን እንደምትበላ ግን አልነገራትም። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ሰገነት ይህን ስትሰማ ከአንድ የኦንላይን መደብር የስጦታ ካርድ ገዝታ በስልክ ላከችላት። በእሱ የስፌት መኪና ሞተር ይመጣል፣ እግሯም ያርፋል። ካርዱ የሚያገለግለው እስከ ዓርብ ነበር። እኛ የጀመርነው ሰኞ ነው።

የካርዱን ቁጥር በእኔ ስልክ አስገባን። ስሟን ተቀበለ፣ ወረዳዋን ተቀበለ። «የመንደር ስም» የሚለው ላይ ሰባት ስንል ሳጥኑ ቀልቶ አልቀበልም አለ። በፊደል ብንጽፍለትም ቀላ። ደንበኞች አገልግሎት ደወልን፤ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ካሰሙን በኋላ ሳሌም የምትባል ልጅ አነሳች።

«እናቴ፣ ሰባት የቤት ቁጥርዎ ነው። የመንደሩን ስም ነው የጠየቅኩት።»

«ስሙ ሰባት ነው።»

«እሺ፣ የቤት ቁጥርስ?»

«የለንም።»

ሳሌም ወደ ሙዚቃው መለሰችን። ማክሰኞ ሌላ ሰው አነሳና ከሀ ጀመርን። ረቡዕ ሲስተም የለም ተባልን። እኔ ደሜ ፈልቶ አለቃ አቅርቡልኝ አልኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። እስከ ስንት ሰዓት ብል፣ እስኪያልቅ። ዝም ብለን አንድ ስም እንፍጠርለት አልኳት፤ የሐሰት አድራሻ የሰጠ ካርዱ ይታገድበታል ብለዋልና የዝናሽ እሺ አላለችኝም።

ሐሙስ ሳሌም ተመልሳ ደረሰችን። እሷም የሰለቻት ትመስላለች። «እናንተ ከመስፈራችሁ በፊት ቦታው ማን ይባል ነበር?» አለች።

የዝናሽ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። አታውቅማ። እኔም አላውቅም።

እያነከሰች አያ ፈንታ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አያ ፈንታ ጉሙዝ ነው፤ ሰፈራው ሳይመጣ አገሩ የእነሱ ነበር። ማር ይሸጣል፤ ሱሪውን የምታሳጥርለትም እሷ ናት። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁሉንም አንተ ይላል። የመጣችበትን ነገረችው።

«ስም አለ» አለ። «አርባ ዓመት አልጠየቅህም። ዛሬ ማን ጠየቀ?»

የዝናሽ መዋሸት አልሆነላትም። «ኮምፒውተሩ» አለች።

የማር ማሰሮዎቹን መክደን ቀጠለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «የአባቴ ስም ነው። በእሱ ነበር የሚጠራው» አለና ስሙን ነገረን። ሁለት ጊዜ አርሞኝም አፌ ላይ ስለተሰበረ እዚህ ላይ አላበላሸውም። የዝናሽ ግን ያዘችው፤ መንገዱን ሙሉ እያነበነበች ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ሳሌምን በስልክ ይዘን አስገባነው። ሲስተሙ ያለ አንዲት ጥያቄ ተቀበለ። ሳሌም ሌላ ምን ልርዳዎት አለች፤ ምንም አልናት።

ሞተሩ በሁለት ሳምንቱ በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑ ላይ የእሷ ስም፣ ከሥሩ የቦታው ስም በትልልቁ ታትሟል። እኔ መቀስ ይዤ ቆሜ ነበር፤ እሷ ሳትከፍተው ታቅፋ አያ ፈንታ ዘንድ ወሰደችው።

አያ ፈንታ ማንበብ አይችልም። የቱ ጋ ነው አለ፤ አሳየችው። ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳረፈ።

«አንብብ» አላት።

አነበበችለት።

«ድገም።»

ደገመችለት።