ገብረትንሣኤ የቆለፈው በር

ዘይኑዲን ሰው ማመን አይሆንለትም። ፒያሳ ከገብረትንሣኤ ጋር ፎቶ ቤት በነበራቸው ሠላሳ ዓመታት፣ እሱ በቀይ መብራት ሥር ፎቶ ሲያትም ገብረትንሣኤ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል በር ቆልፎ ፊልም ያጥብ ነበር።

«ምን ቢኖር ነው የምትቆልፈው?»

«ጨለማ ነው ያለው።»

«በጨለማ የሚሠራ ሌባ ብቻ ነው!»

ገብረትንሣኤ እየሳቀ ይዘጋበታል። ዘይኑዲን ግን የሙያ ምስጢር እንደሚደብቅበት አልተጠራጠረም። ጆሮውን በሩ ላይ ቢለጥፍም የሚሰማው ውኃ ብቻ ነበር። በኋላ ገብረትንሣኤ ሞተ፤ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ።

ዘንድሮ የገብረትንሣኤ ሚስት ምብራት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለውን ቤቷን ልትለቅ ሆነ። «ቅዳሜ ዕቃዬ ይጫናል፤ ደጃፌ ላይ እንዳለሁ በጥቁርና ነጭ አንሣኝ» አለችው። የእህቱ ልጅ ሲሀም ከውጭ ከመጣ ሰው ሦስት ዓይነት ፊልም፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ገዛችለት። ዘይኑዲን እሽጉን በጥፍሩ ፋቀ፤ አሸተተው።

ማክሰኞ ምብራትን በሦስቱም አንሥቶ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለች ጓዳው ገብቶ አሮጌ ቀይ መብራቱን አበራ። አንዱ ፊልም ኬሚካሉ ውስጥ ምስል ሲያበቅል እንደ ሕፃን ደነቀው። ሁለቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል ሆኑ። የተረፈውንም አትሞ ሲሰጣት፣ የፊቷ ቅላት ጠቁሮ ምብራት «እኔ ነኝ ወይስ ጥላሸት?» ብላ አኮረፈች።

«ሻጩ አታሎሻል» አለ ሲሀምን። «ወይስ ጓዳዬን የከፈተ ሰው አለ?»

ሲሀም ካርቶኑን አንሥታ አነበበች። «አጎቴ፣ በቀይ መብራት የሚታጠበው ያ የወጣልዎት ብቻ ነው፤ ቀይ ስለማያይ ነው የፊታቸውን ቅላት ያጠቆረው። ሁለቱ ቀይ ብርሃንም ያያሉ። በድፍን ጨለማ ይታጠቡ ነው የሚለው።»

«ይኼንንም ሻጩ ነው ያስጠናሽ?»

ካርቶኑን ቀምቷት ገላበጠው። ከዚያ ገብረትንሣኤ ይመልስለት የነበረው ትዝ አለው፦ ጨለማ ነው ያለው።

ዓርብ ቀይ ብርሃን በሚያየው ፊልም ምብራትን እንደገና ደጃፏ ላይ አነሣት። ጓዳው ገብቶ በሩን ቆለፈ፤ ጥቂት አመነታና ቀዩን መብራት አጠፋ። ጨለማው ጣቶቹን ዋጣቸው። የገዛ እጁ የት እንዳለ የሚነግረው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከበሩ ማዶ የሰማው ያው ድምፅ!

ቅዳሜ ጧት የጭነት መኪናው ሲያጓራ፣ ፎቶውን ለምብራት ሰጣት። ግንባሯ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ዘይኑዲን አቀርቅሮ፣ «ገብሬን እስከ ዛሬ ጠርጥሬው ነበር» አለ።

ምብራት ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሳቀች። «ያውቅ ነበር እኮ! ቤት እየመጣ፣ ‹ዘይኑ ዛሬም በሩ ላይ ተለጥፎ ዋለ፤ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ውኃውን ጮክ አድርጌ አፈሰስኩለት› ይለኝ ነበር።»