«ሰባት ቀን» ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ፣ ወደ ውጭ የተላከ ጥራጥሬ በላዩ የቀረው የተባይ መድኃኒት ከተፈቀደው መጠን በልጦ ስለተገኘ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ «ምቀኝነት ነው!» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ቀናሁ። እዚያ ማዶ ሰው አፍ ለሚገባው ነገር ገደብ ተጽፎለታል ማለት ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከግብርና ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሞላሌ አጠገብ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። ወሩ መስከረም፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር ከመንደር መንደር የምዞረው። ባቄላው እሸት ሲይዝ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ጫፍ ጫፉን ወረረው። መድኃኒት በጠርሙስ መጣልን። ጽሑፉ ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው በማላውቀው ቋንቋ ነው።

የምኖረው እትዬ አስካለ ቤት ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው ብዙነሽ ከምትባል አንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው።

«ከተረጨ በኋላ እሸቱን መቼ እንብላ ልጄ?» አሉኝ።

አለቃዬን ጠየቅኩት።

«ሰባት ቀን ይቆዩ በያቸው።»

«የት ተጽፏል?»

«የትም። ገበሬ ቀን ይፈልጋል፤ ቀን ስጪው።»

ሰጠኋቸው። እንደሚያውቅ ሰው ድምፄን ሞላ አድርጌ «ሰባት ቀን» አልኩ።

ማሳው የተረጨው በተክለ ሃይማኖት ማግስት ነው። እትዬ አስካለ አንድ ቀን ጨምረው በባዕታ ቀጠፉ። ብዙነሽ ያን ጤዛ ያረፈበት፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል እሸት ጥሬውን እየፈለቀቀች ጠገበች። ቀትር ላይ ከገበያ ስመለስ ደጃፍ ተኝታ ታስመልሳለች፤ ምራቋ ይዝረከረካል፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ሞላሌ ጤና ጣቢያ ደረስን። ምን እንደበላችና በምን እንደተረጨ ለሐኪሙ ነገርኩት። ሦስት ቀን ተኝታ ተረፈች።

ስንመለስ እትዬ አስካለ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል ልጄ። እርጅና ነው።»

«አልተሳሳቱም» ማለት ነበረብኝ። ክንዳቸውን ደግፌ ወደፊት መራኋቸው።

ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ፤ ጾምና ስግደት ተሰጣቸው። የጥቅምት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት፣ እሳቸው በየማለዳው ጓሮ ሲወድቁ ሲነሱ በመስኮቴ አያለሁ። የእኔን ኃጢአት ንስሐ ነበር የሚሰግዱት።

በዓመቱ ጽሑፉ ያልተላጠ ጠርሙስ አግኝቼ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አስነበብኩት። ሃያ አንድ ቀን ይላል።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆዩ። ለቅሶ ስደርስ ብዙነሽ እጄን ይዛ ለለቀስተኛው «ያኔ ያተረፈችኝ እሷ ናት» አለች። ንፍሮዬን በመዳፌ እንደያዝኩ አቀረቀርኩ።

የዚያን ጊዜ ገደብ የሚያወጣ ሕግ አልነበረም እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አለቃዬንም እረግማለሁ። ግን «አላውቅም» ለማለት ሕግ አያስፈልገኝም ነበር።