ቆርቆሮ ላይ የተሰጣው ሸክላ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትናንት ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር፣ ከተዘረጉት አሮጌ ዕቃዎች መሀል ፀሐይ ያጣመመው የሙዚቃ ሸክላ አየሁና ያ እሑድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጊዜው የደርግ ነው። አጎቴ ታዬና ጓደኛው ጋሽ ለማ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ላፍቶ ቤታችን ቁጭ ብለው ጃዝ እየሰሙ ይከራከራሉ። አጎቴ የትራምፔት ወገን ነው፤ ጋሽ ለማ የሳክስፎን።

«ያንተ ሳክስፎን እኮ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው» ይላል አጎቴ።

«ያንተስ ትራምፔት? ለሰልፍ ይቀሰቅሳል እንጂ መች ሰው ያጫውታል።»

ጋሽ ለማ ሰኞ ወደ ሰሜን ሊዘምት ሆነ። እሑድ የሚወደውን የሳክስፎን ሸክላ ሰምቶ ሊሰናበት ቀጠሮ ያዙ። እኔ ደግሞ ሸክላው የሚንጫጫው ከአቧራ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ላስደስተው ብዬ በጠዋት በሳሙና አጠብኩትና እንዲደርቅ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት።

ከሰዓት አጎቴ ሲያነሳው እንደ ሰሃን ጎድጉዷል። የማጫወቻው መርፌ አልቀመጥ አለ።

«አቧራ ነበረው እኮ» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ጋሽ ለማ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። «ግድ የለም ልጄ፣ እስከ ዛሬ የሰማሁት ይበቃኛል።»

እኔ ይቅር ያለኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። አጎቴ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ትንሽ ቆይቶ መጣና ጓደኛው አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ያን አንድም ቀን አመስግኖት የማያውቀውን የሳክስፎን ጨዋታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቦታ ሳይስት በአፉ አዜመለት።