በአሻራ የማይወጣው ዩፎኒየም

የአውራ ጣቴ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «ብር ቅቡ በአሻራ አይወጣም» አለኝ። ቀለሙን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና የተሰጠኝን ይዤ ወጣሁ። የተሰጠኝ ቆዳው የተገፈፈው የናስ ዩፎኒየም ነበር።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሚያዝንልኝ ሰው ያናድደኛል። ግን ይሄን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም።

በአንድ መሥሪያ ቤት የማርሽ ባንድ ውስጥ ዩፎኒየም እነፋለሁ። ከቱባ ያነሰ፣ ከትሮምቦን የወፈረ፣ እንደ ሕፃን ደረት ላይ የሚታቀፍ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የሰፈር ሰው «ባለ ጥሩምባው» ይለኛል፤ ማረሙን ትቻለሁ። ባንዱ ሁለት ዩፎኒየም ነበሩት። አንዱ ናስ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ቫርኒሽ ተላልጦ እዚህ ቡናማ፣ እዚያ አረንጓዴ፣ ግራ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀይ ሆኗል። ከልምምድ በኋላ መዳፌ የድሮ ሳንቲም ይሸት ነበር። ሌላው ብር ቅብ ነው። ነጭ ነው፣ የሰው ፊት ያሳያል።

ብሩ የወጣው ለባልደረባዬ ነው። በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው። በዕድሜ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ጅራቷ የረዘመ ፊርማ ነበረችው። እሱ ፈርሞ ነጩን ወሰደ፣ እኔ አሻራ አድርጌ የተገፈፈውን። ኖታውን አንብቦ በአፉ ያዜምልኛል፣ እኔ አንዴ ሰምቼ እይዘዋለሁ። ለብቻ የሚነፋው ሶሎ ሲመጣ ግን ለሱ ነው የሚሰጠው። እኔ ከኋላ ሆኜ እደግፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ደገፍኩ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አልሄድኩም። ብሩ ነው አልኩ። ብር ይዘምራል፣ የተላጠ ናስ ያጉረመርማል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በጥፍሬ አንኳኳኋቸው። ነጩ ረዘም አድርጎ የጮኸ መሰለኝ። ደገምኩት፤ አሁን ደግሞ የኔው የረዘመ መሰለኝ። ጆሮዬን ሰፊው አፋቸው ላይ ደቀንኩ። ሁለቱም እንደ ባዶ ጉድጓድ ይተነፍሳሉ። በመጨረሻ በምላሴ ቀመስኳቸው። ናሱ ይመራል፣ ነጩ ምንም አይልም።

«ልትበላው ነው እንዴ?» አለ ባልደረባዬ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጨው ጎድሎት እንደሆነ ላየው ብዬ ነው።»

«ሲበስል ጥራኝ» ብሎኝ ሄደ።

በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል የጀመርኩት ለዕውቀት ፍቅር አይደለም። ነጩን ፈርሜ ላወጣ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከዘበኞችና ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ ሀ ሁ አልኩ። ስሜን መጻፍ በቻልኩ ማግስት ግምጃ ቤት ሄጄ «ፊርማ አለኝ» አልኩ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እንኳን ደስ ያለህ። ዕቃው ግን ሰው እጅ ነው።» ያን ቀን ደብተሬን ቀድጄ ብጥለው ማን ይፈርድብኝ ነበር? ንዴት ከያዘኝ ግን ማቆም አላውቅም። አንደኛውን መጽሐፍ ጨርሼ ሁለተኛውን ቀጠልኩ። ይኸው እስከዚህ ደረስኩ።

ባለፈው ዓመት የባልደረባዬ የፊት ጥርሶች ተነቀሉ። የትንፋሽ ሰው ያለ ጥርስ ምንም ነው፤ ከንፈሩ የሚደገፍበት የለውም። ጡረታውም ደርሶ ነበርና ወጣ። መሣሪያውን በቀይ ከፋይ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «በየቅዳሜው እሸው» አለኝ። «ብር ካልታሸ ይጠቁራል። በኔ እጅ አንድ ቀን ጠቁሮ አያውቅም።»

ግምጃ ቤት ሄድኩ፣ ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት አነበብኩ፦ ዩፎኒየም፣ ብር ቅብ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ የመጀመሪያው ለማወቅ፣ ሁለተኛው ለማጣጣም።

ከዚያ ነፋሁት። ድምፁ ጥሩ ነው። ግን የማውቀው ድምፅ ነው፤ የኔው፣ ከናሱ የሚወጣው። ገና አልለመደኝም አልኩ። ወር ጠበቅሁ፣ ያው ነው። ሶሎውንም ቢሆን አሁን ለክላርኔቱ ሰጥተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ አላሸሁትም። አንድም እልኸኛ ስለሆንኩ ነው፣ አንድም ሲጠቁር ማየት ፈልጌ። አንገቴ ላይ ያለው የብር መስቀል በክረምት ወር ሳይሞላው ይጠቁራል። ይሄኛው ክረምቱን ሙሉ ላቤን ጠጥቶ፣ መስከረም ጠብቶ፣ አሁንም ፊቴን ያሳየኛል። የኔን ላብ የቀመሰ ብር እንዲህ አይሆንም።

አቅፌው ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ከማውቃቸው ብር ሠሪዎች ግማሾቹ ሱቃቸው ሲፈርስ የት እንደገቡ አላውቅም። አንዲት አሮጊት ግን አሉ፤ ወሎ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ከባላቸው ሞት በኋላ ሥራውን ራሳቸው የያዙ። ከአንድ ሕንፃ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ክፍል ውስጥ ናቸው።

«ምንድነው ይሄ? የገንፎ ማቅረቢያ?» አሉኝ።

«መሣሪያ ነው፣ እማማ። ይነፋል። ብር መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«መዝገብ ላይ ብር ይላል።»

«መዝገብ ላይማ እኔም ሃምሳ ዓመቴ ነው።»

ገልብጠው ሰው የማያየው ታች ላይ በመርፌ ጫፍ ጫር አደረጉት። አንድ ጠብታ አሲድ ጣሉበት፣ ትንሽ ቆይተው ቆንጠር አድርገው ጨው። ብር ከሆነ እንደ ተበላሸ ወተት ነጭ ይቋጥራል አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዚያ በላይ ጎንበስ አልኩ።

«አፍንጫህን አንሣ፣ አሲድ ነው። እንዲህ ያፈጠጠ ደንበኛ አይቼ አላውቅም ወላሂ።»

ነጭ አልቋጠረም። አረንጓዴ ውሃ ሆነ። ናሱ ይሆናል አልኩ፣ ሥር ድረስ ጭረውት። መስቀሌን አስወልቀው እሱም ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና ጨው ጨመሩበት። ወዲያው ነጭ ቋጠረ።

«ኒኬል ነው» አሉ። «የኒኬል አልጋ ታውቃለህ? የዱሮ ሙሽሮች የሚተኙበት? የዚያን ራስጌ የሚቀቡበት ነው። አብሽር፣ አይክፋህ። ጠንካራ ነው፣ አይጠቁርም።»

«ድምፁንስ ይለውጠዋል?»

«እኔ የጆሮ ጌጥ ነው የምሠራው። ጆሮ አልሠራም።»

ቁልቁል ስወርድ መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ አሻራዬን ንቆ የከለከለኝ፣ ፊደል የቆጠርኩለት፣ ሃያ ሁለት ዓመት «እሱን ይዤ ቢሆን ኖሮ» ያልኩለት ነገር የአልጋ ራስጌ ነው። ይሁን። ብሩ ካልነበረ ግን እኔን ከኋላ ያስቀመጠኝ ምን ነበር? ይሄን ሳላውቅ ጡረታ ልወጣ ነው? የሚያውቅ ጆሮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ የባልደረባዬ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱንም ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አቅፌ ታክሲ ስገባ ወያላው «መንታ ናቸው?» አለኝ። «አዎ፣ አባታቸው ግን አንድ አይደለም» አልኩት።

ባልደረባዬ ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። ስለ አሲዱ አልነገርኩትም።

«ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«አዙር ብዬሃለሁ። እየቀያየርኩ እነፋለሁ። ብሩ የትኛው እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው? ተኝቼ አውቀዋለሁ።» በርጩማውን አዞረ።

ያን የድሮውን ሶሎ፣ በአፉ አዚሞ ያስያዘኝን፣ መጀመሪያ በተላጠው ናስ ነፋሁ።

«ብሩ» አለ ጊዜ ሳይወስድ። «ሰማኸው አከፋፈቱን?»

ቀጥዬ በኒኬሉ። «ያንተው ነው። የታፈነ ነው።»

ሦስተኛ ደግሜ በናሱ። «ብ... ቆይ። ያንተው። አይ፣ እስቲ ድገመው።» ደገምኩት። ከዚያ ሳልነግረው ራሱ ዞረ።

ታክሲ ውስጥ የምወጋበትን ቃል ስስል ነበር የመጣሁት። «መጀመሪያ ብር ያልከው የኔው የተላጠው ነው» አልኩት። «ያንተም ብር አይደለም። ኒኬል ነው። አስመርምሬዋለሁ።»

እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አስቀመጠውና በእጅጌው ያሸው ጀመር፤ ፈልጎ ያደረገው አይመስለኝም፣ እጁ ራሱ ነው የሄደው። ነገሩ ሲገባው አቆመ።

«ኒኬል ማለት... የአልጋ ራስጌ?»

«የአልጋ ራስጌ።»

«በየቅዳሜው?»

«በየቅዳሜው።»

በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ ጥርሱ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ነው የሚስቀው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የወጋሁት ሰው ሲስቅ እኔ ምን እሆናለሁ? ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ታዲያ ሶሎውን ለምን ላንተ ይሰጡህ ነበር?» አልኩት።

ዓይኑን ጠረገ። «ኖታ ስለማነብ ነው ብልህ ደስ ይልሃል?»

«እውነቱን ነው የምፈልገው።»

«ትቸኩላለህ» አለ። «ረጅሙ ድምፅ ላይ ትንፋሽህ እያለህ መጨረሻውን ሳትሞላ ትቆርጠዋለህ። አንድ ሰው መሣሪያውን ሊቀማህ አጠገብህ የቆመ ይመስል። አሁንም እንደዚያው ነው የነፋኸው፣ በሁለቱም። አንድ ዓይነት ስለቆረጥካቸው ነው መለየት ያቃተኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተን? ሲያርሙህ የምትናከስ ሰው?»

መልስ ነበረኝ፤ ብመልስ ግን መናከስ ይሆናል። ናሱን አንሥቼ ረጅሟን ድምፅ እንደገና ነፋኋት። ወደ መጨረሻዋ ስደርስ እውነትም ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ሽሽ ሽሽ አለኝ። አውቄው አላውቅም ነበር።

ስወጣ በሩ ላይ ያዘኝ። «መዝገቡ ላይ ግን ብር እንደተባለ ይቆይ። ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚያውቁት።»

ማክሰኞ ኒኬሉን መለስኩ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አሁን ያለችው አንዲት ትሑት ሴት ናት። «ብሩን ጠሉት እንዴ?» አለችኝ። መዝገቡን አዞረችልኝ። ብር ቅብ ይላል አሁንም። ብዕሩ እጄ ላይ ነው፣ ቃሉን መሰረዝ አንድ መስመር ነው፣ እኔም ውሸት ሳይ እጄን ይበላኛል። «የተመለሰበት ምክንያት» የሚለው ሥር «አልፈልገውም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሌላውን አልነካሁትም።

የተላጠውን አላስቀባሁትም። አሁንም መዳፌ ሳንቲም ይሸታል። ባልደረባዬ እሑድ እሑድ በርጩማውን ወደ ግድግዳው ያዞርና እነፋለታለሁ። ስቸኩል አይናገርም፤ ጀርባውን እንደሰጠኝ አንድ ጣቱን ያነሣል። በመጀመሪያው እሑድ ጣቱ አልወረደም ነበር። ባለፈው እሑድ ሦስት ጊዜ ብቻ አነሣ።