የጠመኔ አምሮት

ልብስ ሰፊዋ ሐኪሟ ፊት ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ልክክ ያለ ነው፤ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፋ መውጣቷን ግን ትከሻዋ ላይ የቀረው ኖራ ያሳብቅባታል። ከንፈሯ ነጥቷል።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት አይታ የወር አበባዋ ይበዛ እንደሆነ፣ ሆዷንም ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት። ቀጥላ «ምግብ ያልሆነ ነገርስ ያምርሻል?» ስትላት ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ከኪሷ አወጣች። ዳር ዳሩ በጥርስ ተሸርፏል።

«ልጄን ሳረግዝ የጀመረኝ አምሮት ነው። እህቴ ‹አስተማሪ ልትወልጂ ነው› እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሱ ተወልዶ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። አምሮቱ ግን እስከ ዛሬ አልተለየኝም።»

«ደምሽ ውስጥ ብረት አንሶ ነው፣ እህቴ። ለምን እንዳነሰ እንመረምራለን። ኪኒኑን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ግን አምሮቱም ይተውሻል» አለች ሐኪሟ፣ የምሥራች የነገረቻት መስሏት።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔውን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«እንግዲያው፣ ዶክተር» አለች ቀና ሳትል፤ «ኪኒኑን ከነገ ብጀምረውስ?»