ለግቢዬ ማሳመሪያ የገዛሁት እንቦጭ

"እትዬ፣ ይሄንስ አልሸከምም!" ብሎ ዕቃ ተሸካሚው ሳፋዬን መሬት ላይ ዘጭ አደረገው።

ዛሬ ሲኒማ ራስ ጋ፣ ለግቢዬ ማሳመሪያ ብዬ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል ገዝቼ ነበር። (ሻጯ "እንክብካቤ አይፈልግም፣ ራሱ ይራባል" ብላኛለች። አልዋሸችም።)

ሰውየው ያበጠውን አገዳ ሰብሮ አሳየኝ፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው።

"እንቦጭ እኮ ነው! ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበርኩ። ውሃውን ሸፍኖ ዓሣውን አፈነብኝ፣ ለታንኳዬም መንገድ ከለከለኝ። እሱ ባይሆን መርካቶ ምን እሠራለሁ?"

አፍሬ "በቃ፣ ቦዩ ውስጥ ልጣለው" አልኩ።

"ቦዩ ወንዝ አይገባም እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከነሥሩ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በቴሌቪዥን ሳየው ለጣና ስንቴ ከንፈሬን መጥጫለሁ!

እናንተስ፣ ከንፈር የመጠጣችሁለትን የሰው መከራ አምሯችሁ ገዝታችሁት ታውቃላችሁ?