ሦስት ጊዜ ያልተጠየቀው ሰው

ወንድም ዓምሃ አዲስ አበባ ሳለ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበር። አዲስ ለሚቀጠረው ሁሉ የቤቱን ወግ የሚያስተምረው እሱ ነው። አለቃ ሲገባ ተነሥ፣ ሳትጠየቅ አትናገር፣ ሹመት ቢሰጡህ እንኳ መጀመሪያ "እኔ ለዚህ አልበቃም" በል ይላቸዋል። ገነነ የሚባል ጎበዝ ጸሐፊ አንድ ቀን ገብቶ "ዕድገት ይገባኛል" ቢለው፣ ማኅደሩ ላይ "ትዕግሥት የለውም፤ ራሱን ይወዳል" ብሎ ጻፈበት። የገነነም ዕድገት በዚያው ቀረ።

ኖርዌይ፣ ኦስሎ ሲገባ፣ እንደ ብዙዎቻችን የጸሎት ቡድኑ አባላት፣ ትቬይታ አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ አገኘ። ሥራው የቪካር ነው፤ ሰው ሲታመም ስልክ ይደወልለታል፣ ካልታመመ ቤቱ ይቀመጣል። አለቃው ኢንገር በመጀመሪያው ቀን "እዚህ ሁላችንም እኩል ነን፤ የተሰማህን ተናገር" አለችው። እሱም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ በገባች ቁጥር ብድግ ይልላታል። እሷ ወንበሩ ያልተመቸው መስሏት ሌላ ወንበር አዘዘችለት።

ዓርብ ዓርብ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ይጋገራል። "ትበላለህ?" ሲሉት "ኔይ፣ ታክ"፣ አይ አመሰግናለሁ፣ ብሎ "በሞቴ" እስኪሉት ይጠብቃል። በዚህ አገር ለዋፍል ብሎ በሞቱ የሚምል የለም፤ ሳህኑ አልፎት ይሄዳል።

በ1995 ቋሚ ቦታ ተከፈተ። ሚስቱ ታንጉትና ልጁ ቤቴል እንዲመጡለት ቋሚ ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልግ ስለነበር፣ ወራት ሙሉ የጸለይነው ስለዚህ ነው። ኢንገር ጠርታ "ቦታውን ትፈልገዋለህ?" አለችው።

"ኔይ፤ ከእኔ የሚሻሉ አሉ።"

"ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ" ብላ ለሌላ ሰጠችው።

ይህን ሲነግረን ተናደድኩበት። "ምን ነካህ?" ብለው፣ "ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ነዋ፤ ዝም አይነቅዝም" አለኝ። ዝም ባይነቅዝም ቦታው ሄዷል። ሰብሰብ ብለን መከርነው፤ እዚህ የሚጠየቀው አንዴ ነው፣ አንዴ ሲጠይቁህ በቋንቋቸው "ያ"፣ አዎ፣ በል አልነው። ተለማመደ።

ያን ሰሞን ደግሞ ኢንገር ስለ ውጭ አገር ሠራተኞች ባህል የሁለት ቀን ኮርስ ወስዳ ነበር። ከእኛ አገር የመጣ ሰው አለቃውን ስለሚፈራ "ያ" ቢልም ልቡ ሌላ ነው ብለው አስተምረዋታል። በዓመቱ ሌላ ቦታ ሲከፈት ጠየቀችው። ዓምሃ ጥያቄዋን ሳትጨርስ "ያ!" አለ። በርኅራኄ አየችው። ላስጨንቀው አይገባም ብላ አሁንም ለሌላ ሰጠችው። ይኸው ኮርስ!

በዚያው ሳምንት ታንጉት በስልክ ጠየቀችው።

"እነሱ ሁለቴ ጠየቁህ። አንተስ ጠይቀሃቸዋል?"

"ሳልጠራ?" አላት።

"ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጡትም፣ ዓምሃ። ልጅህ አንተን የምታውቅህ በፎቶ ነው።"

በማግስቱ ሳይጠራ የኢንገርን በር አንኳኳ። በዕድሜው ለራሱ አንድም ነገር ጠይቆ አያውቅም። "ቋሚ ቦታ ይገባኛል። ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ" አለ።

ኢንገር ደስ ብሏት ሳቀች። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?" አለችው። እዚያው ፊቱ ማኅደሩን ከፍታ "ተነሣሽነት አለው፤ በራሱ ይተማመናል" ብላ ጻፈች። ከወር በኋላም ውሉን ፈረመ።

እኛ እልል ስንል እሱ ፊቱ አልተፈታም። ለታንጉት የጉዞውን ወረቀት ሲልክላት፣ ከመምጣቷ በፊት ጸሐፊውን ገነነን ፈልጋ ይቅርታ እንድትጠይቅለት አብሮ ጻፈ።

መልሷ ቶሎ መጣ። ገነነን እዚያው መሥሪያ ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ አግኝታዋለች። ስትገባ ብድግ ብሎ ተቀበላት፤ የዓምሃን መልእክት ስትነግረውም "ኧረ ምንም አይደል፤ እኔ ለዚያ የምበቃ አልነበርኩም" አላት።